«ይዘንባል» ስንል የሚዘንበው ማን ነው?
ባለቤት ስለሌላቸው ግሦች የቀረበ ትምህርት

ክረምቱ ሲገባ ሐይፋ ላይ ደመናው ከባሕሩ ተነሥቶ ካርሜልን ይሸፍናል። ያኔ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ስለ አንዱ ዝናብ በሦስት ዓይነት ሰዋስው ሲወራ እንሰማለን። ዕብራይስጥ ተናጋሪው «ዮሬድ ጌሼም» ይላል፤ «ዝናብ ይወርዳል» ማለቱ ነው። የሐይፋው ዐረብ ጎረቤታችን «ኢድዱንያ ቢትሸቲ» ይላል፤ «ዓለሟ ትዘንባለች» እንደ ማለት ነው። የእኛ እናት ደግሞ በመስኮቱ አየት አድርጋ «ይዘንባል» ትላለች። አንድ ቃል ብቻ ናት። ማን እንደሚዘንብ አልተናገረችም፣ የሚጠይቃትም የለም።

በዚህ እትም የቋንቋ ትምህርታችን የምናጠናው እንዲህ ያሉትን ባለቤት አልባ ግሦች ነው። ነገሩ ለሰዋስው ወዳጆች ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። ብዙዎቻችን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ለወላጆቻችን ስናስተረጉም ያደግን ነን። እዚያ በብዛት የሚነገሩት ግሦች ደግሞ እነዚሁ ባለቤት የሌላቸው ናቸው፤ «አመመኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ»። እነሱን በትክክል ለማስተርጎም አሠራራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሩቅ እንጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ቤታችን እንምጣ።

1. ሮማውያን ስለ ዝናብ ምን ይሉ ነበር?

በላቲን፣ ማለትም በጥንታዊ ሮማውያን ቋንቋ፣ «ይዘንባል» የሚለው ቃል «ፕሉዊት» ነው። በመጨረሻው ላይ ያለችው «ት» ግሡ ሦስተኛ መደብ ነጠላ መሆኑን ታሳያለች፤ በአማርኛ «ይዘንባል» የሚለው «ይ» እንደሚያሳየው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ባለቤት የለውም። «ኒንጊት» (በረዶ ይጥላል)፣ «ቶናት» (ነጎድጓድ ያሰማል)፣ «ሉኬስኪት» (ይነጋል)፣ «ዌስፔራስኪት» (ይመሻል) የሚሉትም እንደዚሁ ብቻቸውን ይቆማሉ።

የ«ፕሉዊት» ሥር በጣም ሩቅ ይሄዳል። የላቲን፣ የግሪክ፣ የሳንስክሪትና የእንግሊዝኛ እናት በሆነው ጥንታዊ ቋንቋ ውስጥ ሥሩ «መፍሰስ፣ መንሳፈፍ፣ መዋኘት» የሚል ትርጉም ነበረው። ከዚያው ሥር ግሪኮች «ፕሌኦ» (በመርከብ እጓዛለሁ) የሚለውን፣ እንግሊዞች «ፍሎው» (መፍሰስ) እና «ፍሎት» (መንሳፈፍ) የሚሉትን አገኙ። ሮማውያን ግን ለዝናብ አዋሉት። ዛሬም ፈረንሳዩ «ኢል ፕለ»፣ ጣሊያኑ «ፒዮቬ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ቃል ነው።

ጸሐፊው ፔትሮኒዩስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ሳቲሪኮን» ውስጥ ከባርነት ነጻ የወጣ አንድ ተራ ሰው ስለ ድሮ ዘመን ያወራል። በድሮ ጊዜ እመቤቶች ባዶ እግራቸውን፣ ጸጉራቸውን ፈትተው ኮረብታ ላይ ወጥተው ዩፒቴር የተባለውን የሰማይ አምላክ ውሃ ይለምኑት እንደነበረ፣ ወዲያውም በባልዲ እንደሚገለበጥ ያህል ይዘንብ እንደነበረ ይናገራል። ሰውየው ለ«ይዘንብ ነበር» የተጠቀመው «ፕሎዌባት» በሚለው የቆየ አነጋገር ነው። ከፍታ ላይ ወጥቶ መለመን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ስግድን የምናከብር ሰዎች ሥዕሉን በቀላሉ እናየዋለን።

ታሪኩ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሴቶቹ የለመኑት ዩፒቴርን ከሆነ፣ የዘነበው ማን ነው? በጥንታዊው ግሪካዊ ባለቅኔ በሆሜር ግጥም ውስጥ «ዜውስ ዘነበ» የሚል አነጋገር ይገኛል፤ የሰማዩ አምላክ ራሱ የግሡ ባለቤት ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ግሪኮች ያለ ዜውስ «ይዘንባል» ብቻ ይላሉ። አንዳንዶች ባለቤቱ መጀመሪያ አምላክ ነበረ፣ በኋላ ከአፍ ጠፋ ይላሉ። ሌሎች ግሡ ከመጀመሪያውም ባለቤት አልነበረውም፣ አምላክ በኋላ የተጨመረለት ነው ይላሉ። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ደግሞ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ስለማይወዱ ትርጉም የሌለው ተውላጠ ስም አስቀምጠው ቦታውን ይሞሉታል።

2. «ዘነበ» እና ቤተ ዘመዶቹ

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። ቄሶቻችን ጸሎት በሚያደርሱበት በግእዝ ግሡ «ዘንመ»፣ ስሙም «ዝናም» ነው። አማርኛ ላይ «ም» ወደ «ብ» ተለውጣ «ዘነበ» እና «ዝናብ» ሆነ፤ የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች ግን «ዝናም» ይላሉ። የቋንቋ አጥኚዎች ይህን ሥር «ዘናኑ» ከሚለው የአካድኛ ግሥ ጋር ያነጻጽሩታል፤ በጥንቱ በባቢሎንና በአሦር ቋንቋም ትርጉሙ «መዝነብ» ነው።

ዕብራይስጥ በሌላ መንገድ ሄዷል። በመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ዋናው ግሥ «ማታር» (ዝናብ) ከሚለው ስም የተገኘው «ሂምጢር» ነው፤ በአማርኛ ልኩ «አዘነበ» ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 5 እግዚአብሔር ገና በምድር ላይ እንዳላዘነበ ሲነገር የምናገኘው ይህንን ግሥ ነው። ባለቤቱ በግልጽ ተጠርቷል። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 4 ቁጥር 7 ግን ስለማይዘንብበት መሬት ሲነገር ግሡ በሦስተኛ መደብ አንስታይ «ታምጢር» ሆኖ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይገለጥ ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ውስጥ እንኳ ሁለቱም መንገድ ይቻላል ማለት ነው።

የዝናብ ታሪክ ካነሣን የምንማርበትን ተራራ መዝለል አይገባም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ነቢዩ ኤልያስ ከረጅም ድርቅ በኋላ የጸለየው ካርሜል ላይ ነው። ሎሌውን ወደ ባሕሩ እንዲያይ ሰባት ጊዜ ላከው፤ በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ደመና ከባሕር ስትወጣ ታየች፤ ከዚያም ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ሲመጣ ዕብራይስጡ «ታላቅ ዝናም ሆነ» ይላል እንጂ እዚያ ቦታ ላይ «አዘነበ» አይልም። ማን እንዳመጣው አንባቢው ያውቃል፤ ሰዋስው ግን ዝም ብሏል።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሀብቶች አሉት። አንደኛው፣ ዝናቡ ለማን እንደዘነበ በቅጥያ መናገሩ ነው። ገበሬ ዘርቶ ሲጠብቅ ቢዘንብ «ዘነበልን» ይላል። አጭዶ ከአውድማ ሳያነሣ ቢዘንብ ግን «ዘነበብን» ይላል። ዝናቡ አንድ ነው፤ «ል» እና «ብ» ግን ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይተው ይናገራሉ። «ነጋልን» እና «መሸብን» የምንለውም በዚሁ መንገድ ነው። በዕብራይስጥ ይህን ልዩነት ለማምጣት ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል መጨመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሀብት ስማችን ነው። ወንዱ «ዘነበ»፣ ሴቷ «ዘነበች» ይባላሉ። ባለቤት የሌለው ግሥ እዚህ ላይ ባለቤት አገኘ፤ የዘነበችው ልጅቱ ናት፣ ለቤቷ በረከት ሆና። በ1980ዎቹና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሲገባ የብዙ ልጆች ስም በዕብራይስጥ ስም ተተክቷል። ስሙ ሲለወጥ ዐረፍተ ነገሩም አብሮ ጠፋ፤ ስማችን ብዙ ጊዜ ሙሉ ግሥ ነበርና።

ከዚህ ሳናልፍ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በመዝገበ ቃላት «ክረምት» እና «ሖሬፍ» አንድ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው፤ እዚህ አገር ያ ጊዜ ደረቅ በጋ ነው። አያታችን «በክረምት ነው የተወለደው» ካሉ ሐምሌና ነሐሴን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ያስተረጎመው ልጅ «ባሖሬፍ» ብሎ ቢያልፈው ጸሐፊው ታኅሣሥን ያስባል። ስለዚህ ወሩን እንጠይቅ።

3. ከሰማይ ወደ አካል

አማርኛ ስለ አየር የሚናገርበትን ሰዋስው ስለ አካልም ይጠቀምበታል። «በረደ» የአየሩ ነው፤ «በረደኝ» የእኔ ነው። «ሞቀ» እና «ሞቀኝ»ም እንደዚሁ። ከዚያ ሰንሰለቱ ይቀጥላል፦ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ አስመለሰኝ፣ ነሰረኝ፣ አሳከከኝ፣ ቆረጠኝ፣ አላበኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ሰለቸኝ፣ ታከተኝ፣ ጸጸተኝ።

አሠራሩን በአንዱ እንፈትን፦ ራበኝ፣ ራበህ፣ ራበሽ፣ ራበው፣ ራባት፣ ራበን፣ ራባችሁ፣ ራባቸው፤ ለታላቅ ሰው ደግሞ ራበዎት። ግሡ ራሱ ሁልጊዜ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ተባዕታይ ነው፣ አይነቃነቅም። የሚለወጠው መጨረሻው ላይ ያለው ተሳቢ ነው። ሰውየው የግሡ ባለቤት ሳይሆን ነገሩ የደረሰበት ነው። ለዚህም ነው «ልጁን ራበው»፣ «እማዬን አመማት» ብለን በ«ን» የምንናገረው። አንዳንዴ ባለቤቱ ብቅ ይላል፤ «ውሃ ጠማኝ»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ምች መታኝ»። ያን ጊዜም ባለቤቱ ውሃው፣ ብርዱና ምቹ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። ትግርኛ በሚነገርባቸው ቤቶችም «ቆሪሩኒ» ሲባል ያው ነው።

ላቲን እዚህም ይመስለናል። ሮማዊ ሲጸጸት «ሜ ፓይኒቴት» ይላል፤ «ሜ» ማለት «እኔን» ነው፣ ግሡ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ነው፣ ባለቤት የለውም። ቃል በቃል «ጸጸተኝ» ነው። «ሜ ታይዴት» ሰለቸኝ፣ «ሜ ሚሴሬት» አሳዘነኝ ማለት ነው። የአውሮፓ ተማሪዎች ለዘመናት እነዚህን ግሦች እንደ አስቸጋሪ ትምህርት ሲያጠኗቸው ኖረዋል። የእኛ እናቶች ፊደል ሳይቆጥሩ ያለ ስሕተት ይናገሯቸዋል።

ዕብራይስጥም ሩቅ አይደለም። «ካር ሊ» በረደኝ፣ «ሐም ሊ» ሞቀኝ፣ «ካሼ ሊ» ከበደኝ፣ «ኒምአስ ሊ» ሰለቸኝ ነው። «ሊ» የእኛን «ኝ» ቦታ ይዛለች። አስቸጋሪው ዕብራይስጥ ከዚህ መንገድ የሚወጣበት ቦታ ነው። ለረሃብ «አኒ ራኤቭ» ይላል፤ «እኔ» ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ለሕመም «ኮኤቭ ሊ ሃሮሽ» ይላል፤ ባለቤቱ ራስ ነው። አማርኛ ግን «ራሴን አመመኝ» ሲል ራስንም እኔንም ተሳቢ ያደርጋል፤ ያመመው ነገር ስም አልተሰጠውም።

4. «ኝ» እና «ነኝ»

እዚህ አገር ያደጉ ታናናሾቻችን አማርኛ ሲናገሩ የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ ይህችው ቦታ ላይ ነው። «አኒ ራኤቭ» የሚለውን ይዘው «እኔ ረሃብተኛ ነኝ» ይላሉ፤ አያት ይስቃሉ ወይም ይደነግጣሉ፤ «ረሃብተኛ» በአማርኛ ስድብ ይሆናልና። «ከፋኝ» ማለት ፈልጎ «ክፉ ነኝ» ያለ ልጅ ደግሞ አዘንኩ ለማለት «መጥፎ ሰው ነኝ» ብሎ አረፈ።

ልጅ ሲሳሳት ይሳቃል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ ስናስተረጉም የሚደርሰው ስሕተት ግን አያስቅም። አንዲት እናት «ጨነቀኝ፣ ታከተኝ» ስትል የደረሰባትን ነገር እየተናገረች ነው፤ እንደ ዶፍ ዝናብ መጥቶባታል፣ ሊያባራም ይችላል። አስተርጓሚው ቸኩሎ «ሂ ዲካኦኒት» (የድብርት በሽተኛ ናት) ቢል «ኝ» ወደ «ነኝ» ተለወጠ። የደረሰባት ነገር መታወቂያዋ ሆነ፣ በፋይሏም ተጻፈ። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች በሥልጠናችን ሪፖርት መጻፍ እንማራለን፤ አንድ ቅጽል በወረቀት ላይ ከተጻፈ በኋላ ከቢሮ ወደ ቢሮ እንደሚዞር እናውቃለን። «ካሼ ላህ ሜኦድ» (በጣም ከብዷታል) ማለት ለተናገረችው ይበልጥ ይቀርባል። ሕመሙን መሰየም የባለሙያው ፋንታ ነው፤ የአስተርጓሚው ሥራ የተባለውን ማድረስ ነው።

በተለይ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ጥቂት አነጋገሮች እነሆ፦

«ሆድ ባሰኝ»፦ ሆድ አለበት፣ የሆድ ሕመም ግን የለበትም። ሰው ቅር ሲለው፣ ብቸኝነት ሲሰማው፣ እንባ ሲተናነቀው ይለዋል። «ኮኤቬት ላህ ሃቤቴን» ብንል ሐኪሙ ሆድ ይመረምራል፤ ኀዘኑ ሳይሰማ ይቀራል።

«ልቤን ያመኛል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል»፦ በብዙ ሽማግሌዎች አነጋገር «ልብ» ከደረት እስከ ጨጓራ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ግምት አንስጥ። «የት ላይ ነው የሚያምዎት? በእጅዎ ያሳዩኝ» ብለን እንጠይቅ፤ ያሉትንም ያሳዩትንም ለሐኪሙ እንንገር።

«ምች መታኝ»፣ «ብርድ መታኝ»፦ የበሽታ ስም ሳይሆን የምክንያት ገለጻ ነው። ቃሉን እንዳለ ተናግረን ምልክቶቹን እንዘርዝር፤ ትኩሳት አለ? ከንፈር ቆስሏል? ከመቼ ጀምሮ?

«መረረኝ»፣ «አስጠላኝ»፦ ባለቤቱ ካልተጠራ ምን እንደመረረ እንጠይቅ፤ ምግቡ ነው፣ ሥራው ነው፣ ወይስ ኑሮው? ኑሮው ከሆነ ነገሩን ሳናለዝብ ለባለሙያው እንንገር።

እነዚህን ሁሉ አንድ ልጅ ብቻውን መሸከም የለበትም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል እንዲያመቻቹ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስንሄድ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። በተለይ ነገሩ የእናት ወይም የአባት ምሥጢር ሲሆን፣ ልጅ ባይሰማው ይሻላል።

5. ባለቤቱ ሲደበቅ

እስካሁን ባለቤት አልባ ግሥን አመስግነናል። አሁን ሌላውን ፊቱን እንይ። ዝናብን ማንም ሊከሰው አይችልም። ኑሮ ላይ የሚደርሰው ሁሉ ግን ዝናብ አይደለም። አባት «ቸገረኝ» ሲሉ ደመወዝ ያስቀረባቸው አሠሪ ሊኖር ይችላል። እናት «ጨነቀኝ» ስትል ቤት ውስጥ የሚያስፈራራት ሰው ሊኖር ይችላል። ግሡ ባለቤት ስለሌለው ሰውየውም ተደበቀ። አንዳንዴ ተናጋሪው ራሱ በይሉኝታ ወይም በፍርሃት የሚመርጠው ይህንን መሸሸጊያ ነው።

ቋንቋችን መክፈቻውንም ሰጥቶናል፤ «አ» እና «አስ» የሚባሉት የማስደረጊያ ቅጥያዎች ናቸው። ዘነበ—አዘነበ። ጨነቀኝ—አስጨነቀኝ። ከፋኝ—አስከፋኝ። ቸገረኝ—አስቸገረኝ። ራበው—አስራበው። በኦሪት «ሂምጢር» እግዚአብሔርን የዝናቡ ባለቤት አድርጎ እንደጠራው፣ «አስጨነቀኝ» የጭንቀቱን ባለቤት ይጠራል። ጎበዝ የማኅበራዊ ሠራተኛ «ጨነቀኝ» ሲባል መጀመሪያ ጭንቀቱን ያዳምጣል፤ ቀጥሎ ቀስ ብሎ «ምን አስጨነቀዎት? ያስጨነቀዎት ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «የለም፣ እንዲያው ነው» ሊሆን ይችላል፤ ያም ይከበራል። ጥያቄው ግን መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። ባለቤት የሌለውን ነገር በሰውየው ላይ ለጥፈን «እሱ እንዲህ ነው» አንበል። ባለቤት ያለውንም ነገር እንደ ዝናብ ቆጥረን አንለፈው።

6. መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ወደ ዕብራይስጥ ስትመልሱ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከሥሩ ጻፉ፦ ራሴን አመመኝ። ውሃ ጠማኝ። ልጁን አተኮሰው። መሸብን። ሰለቸኝ።

ለ. የሚከተሉትን ወደ አስደራጊ ለውጡና ባለቤት ጨምሩባቸው፦ ከፋት። ራባቸው። ደከመን። ዘነበ።

ሐ. «ዘነበልን» እና «ዘነበብን» የሚሉትን በዕብራይስጥ እያንዳንዳቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ስንት ቃል እንደፈጀባችሁ ቁጠሩ።

መ. ይህ ከወላጆች ወይም ከአያቶች ጋር የሚሠራ ነው። ስለ ሕመምና ስለ ኀዘን የሚሏቸውን በ«ኝ» የሚጨርሱ ግሦች ጠይቁና እንዳሉ ጻፉ፤ ከጎንደር፣ ከሰሜን፣ ከትግራይ፣ ከየትም ይሁን። በእያንዳንዱ ግሥ አጠገብ «የት ላይ ነው?» እና «መቼ ነው የሚባለው?» የሚሉትን መልሶች ጨምሩ። የሰበሰባችሁትን ላኩልን፤ ለወላጆቻቸው በሐኪም ቤት ለሚያስተረጉሙ ሁሉ የሚሆን ዝርዝር አድርገን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።